ኮርቻውን አስወርደህ ጀርባውን እይ

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 20

ይድረስ ለወንድሜ ለጌታሁን፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሁለት ክረምት ሙሉ አንድ ቃል ሳልጽፍልህ መክረሜ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ምክንያት ብደረድር አታምነኝም፣ ስለዚህ አልደረድርም። ብዕር ያነሣሁት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ፈረስ ልትገዛ መሆኑን ሰምቼ ነው። ለጥምቀት ጉግስ ልትገባ አስበሃል፣ የፈረስ ስምህንም አውጥተሃል አሉ። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኛው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ሲባሉ እኮ ፈረሱ ቀድሞ ነበር!

ጉግሱን ለዘንድሮ እርሳው። እስከ ጥር 11 ሦስት ወር እንኳ አይሞላም፤ በዚህ ጊዜ በእርምጃና በሶምሶማ ሳትንገዳገድ መቀመጥ ከቻልክ ብዙ ነው። ጉግስ ላይ ፈረሱ ሽምጥ እየጋለበ አንተ ዞረህ ዘንግ ትመክታለህ። ሚዛኑን ገና ያልያዘ ሰው ደግሞ የሚንጠለጠለው ዛቡ፣ ማለትም የልጓሙ ማሰሪያ፣ ላይ ነው፤ የሚደማው የፈረሱ አፍ ነው።

ገበያ ስትሄድ ሻጩ ኮርቻ ጭኖ ካቀረበልህ መጀመሪያ አስወርድ። ጋማው የሚያበቃበትን ጉብታ፣ ግራ ቀኙን፣ እስከ ወገቡ ድረስ በመዳፍህ ዳስስ። ዳማ ወይም ጥቁር ፈረስ ጀርባ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ ነጭ ጠጉር ካየህ፣ አንድ ጊዜ ተገጥቦ፣ ማለትም ኮርቻ አቁስሎት፣ ነበር ማለት ነው። ጠባሳው ድኖ ሊሆን ይችላል። ጫን ስታደርገው ጆሮውን ወደ ኋላ ካጠፈ ወይም ጀርባውን ዝቅ ካደረገ ግን አልዳነም። አምባላይ (ነጭ) ከሆነ ነጩ ምልክት ስለማይለይ ያለህ ጣትህ ብቻ ነው።

ዕድሜውን ስትጠይቅ "ስድስት ዓመቱ" ይሉሃል፤ ገበያ የወጣ ፈረስ ሁሉ ስድስት ዓመቱ ነው። ከንፈሩን ገልጠህ የታች የፊት ጥርሶቹን ተመልከት። መሃል ያሉት ሁለቱ በሁለት ዓመት ተኩል፣ ቀጥለው ያሉት በሦስት ተኩል፣ የጥጎቹ በአራት ተኩል ገደማ ይቀየራሉ። አምስት ሲሞላው አፉ ሙሉ ነው። ከጎን ስታየው ጥርሶቹ ወደ ፊት ሾለው ከወጡ ሸምግሏል። አንተ የሚበጅህ ሰው የለመደ፣ ከስምንት ዓመት ያለፈ ፈረስ ነው። ያልተገራ ብትገዛ፣ አንተም አታውቅ እሱም አያውቅ፣ ማን ማንን ያስተምራል?

የልብስ ሰፊ ሜትር ይዘህ ሂድ። ከፊት እግሮቹ ኋላ የደረቱን ዙሪያ፣ ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ርዝመቱን በሴንቲሜትር ለካ። ዙሪያውን በራሱ አባዛ፣ በርዝመቱ አባዛ፣ ለ11,880 አካፍል፤ ኪሎውን በግምት ታገኘዋለህ። ዙሪያው 145፣ ርዝመቱ 135 ከሆነ 239 ኪሎ ነው። ፈረስ ከነኮርቻው የክብደቱን አንድ አምስተኛ ይሸከም በሚለው ሕግ ብንሄድ 48 ኪሎ መሆኑ ነው፤ አንተ 48 ኪሎ የነበርከው ስምንተኛ ክፍል ሳለን ነው። የአገራችን ፈረስ ከዚያ በላይ ሲሸከም ኖሯል፤ ዕዳው ግን ጀርባው ላይ ነው። ስለዚህ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ውረድ፣ ሥራውንም ከአጭር ጀምረህ አስለምደው።

አሁን ኮርቻው። የእንጨቱ መንበር ግራና ቀኝ በሥጋው ላይ ይረፍ እንጂ የጀርባ አጥንቱን መንካት የለበትም። አንተ ላዩ ተቀምጠህ ሌላ ሰው ከጉብታው በላይ ሁለት ጣት ማስገባት ካልቻለ ያ ኮርቻ ለዚያ ፈረስ አይሆንም። ለሌላው ልክ ነበር ማለት ምንም አይረዳም። ከሥሩ የመንዝ ባና ብታጥፍ ከስፖንጅ ይሻላል፣ ላብ ይጠጣል። ባናውን ከቦታው ትንሽ ወደ ፊት አሳልፈህ ጣልና ወደ ኋላ ሳበው፣ ጠጉሩ እንዲተኛ። ወደ ፊት ከሳብከው ጠጉሩ ይቆምና እየታሸ ያቆስላል። አንዲት እጥፋት ወይም የገለባ ስንጥር እንዳትቀር። ኮርቻውን ካሳረፍክ በኋላ የባናውን መሃል ወደ ላይ ስበህ ወደ መንበሩ ክፍተት አስገባው፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳል፣ ሳይሳብ የቀረ ባና ጉብታውን ይጫነዋል።

የሆዱን ጠፍር አንዴ ጠበቅ አድርገህ አትተው። ፈረስ ሲያስሩት ሆዱን ይነፋል። ላላ አድርገህ እሰር፣ ጥቂት እርምጃ አራምደው፣ አጥብቅ፣ ከመውጣትህ በፊት እንደገና ሞክረው። ጣቶችህ ተኝተው በሥሩ ካለፉ በቂ ነው። በናይለን ገመድ አትሰር፣ ቆዳ ይበላል።

ስትመለስ ኮርቻውን አንሣና ላቡን አንብብ። ጀርባው እኩል ከራሰ ደኅና ነው። በራሰው መሃል መዳፍ የምታህል ደረቅ ቦታ ካለች ክብደቱ ሁሉ እዚያ አርፏል፤ የነገ ቁስል ያቺ ናት። ቁስል ከወጣ ጨርቅ ደራርቦ መጫን አያድነውም፣ እስኪድን አትጫነው።

ልጓሙን በውርጭ ጠዋት ሳታሞቀው አፉ አታግባ፤ በእጅህ ያዝ አድርገው። የኛው ልጓም አገጩን የሚይዝ ቀለበት ስላለው እጅ ለማያውቅ ሰው ኃይለኛ ነው። ስትደነግጥ ጋማውን ያዝ እንጂ ዛቡን አትሳብ። የጥንቱ እርካብ ለእግር ጣት የተሠራ ነው፤ በጫማ ከገባህበት ስትወድቅ እግርህ ይያዝና ይጎትትሃል። ጫማህ ግራ ቀኝ አንድ አንድ ጣት የሚተርፍበት ሰፊ እርካብ አሠራ። በአገራችን ልማድ ፈረስ ላይ የሚወጣው በቀኝ በኩል ነበር፤ ያንተው ከየት እንደለመደ ጠይቅ፣ ባልለመደበት ብትመጣበት ይደነብራል።

ምግቡ ዋናው ድርቆሽና ጭድ ነው፣ በቀን አምስት ኪሎ ያህል፤ ውኃ ከ20 ሊትር በላይ፣ አሞሌም ይላስ። ገብስ በአንድ ጊዜ ከአንድ ኪሎ አይብለጥ፣ ሲጀምርም በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨመርለት። ኅዳርና ታኅሣሥ አውድማ ላይ እንዳይለቀቅ አደራ። ፈረስ ማስመለስ አይችልም። እህል አብዝቶ በልቶ ጎኑን ደጋግሞ ካየ፣ መሬት ከጫረ፣ ከተንከባለለ፣ ፋንድያ ካልጣለ ምግቡን አንሣና ሐኪም ጥራ። መድኃኒት በአፍንጫው እናጠጣ የሚሉህን ከልክል፤ ሳንባው ይገባል።

"የአፍሪካ ፈረስ በሽታ" የሚባለው በሽታ ክትባቱ ቢሾፍቱ ይሠራል፣ የወረዳህን የእንስሳት ክሊኒክ በየዓመቱ ጠይቅ። በሽታውን የሚያስተላልፉት በምሽትና በሌሊት የሚናከሱ ጥቃቅን ነፍሳት ስለሆኑ ሳይከተብ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ እንዳታወርደው።

እንግዲህ ገንዘቡን ከመቁጠርህ በፊት ኮርቻው የወረደለትን ጀርባ ከላይና ከጎን፣ የታች ጥርሶቹን፣ አራቱንም ኮቴ ከሥር ፎቶ አንሥተህ በቴሌግራም ላክልኝ። ሁለቱን ልኬትም ጨምርበት። ሻጩ ቢጣደፍ ይጣደፍ።

ወንድምህ