ወደ ሰሜኑ ጫፍ ለምናደርገው ጉዞ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለዳዊት፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? አባባና እማማ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስትመጣ በሰሜን ካናዳ ካለችው ከዶሰን ሲቲ ተነስተን በዴምፕስተር ሀይዌይ እስከ አርክቲክ ውቅያኖስ ድረስ በመኪና እንሂድ ስላልከኝ፣ ቲኬት ከመቁረጥህ በፊት ማወቅ ያለብህን እጽፍልሃለሁ።

ቀኑን የሚወስኑልን ሁለት ወንዞች ናቸው። ፒልና ማኬንዚ በዚያ መንገድ ላይ ድልድይ የላቸውም። ከጁን እስከ ኦክቶበር ገደማ መኪና በጀልባ ይሻገራል፣ ክፍያም የለውም። በብርዱ ወራት በተጋገረው በረዶ ላይ ይነዳል። በመካከሉ ግን፣ በረዶው ሲሰባበርና እንደገና ሲጋገር፣ ጀልባውም አይሠራ፣ በረዶውም መኪና አይሸከም፤ መንገዱ ለሳምንታት ይቋረጣል። እኔ የምመርጠው የኦገስትን መጨረሻ ነው። ትንኙ ይቀንሳል፣ ሜዳው በሙሉ ይቀላል፣ ሌሊቱም ስለሚጨልም የሰሜኑን ብርሃን፣ ማታ ሰማይ ላይ የሚታየውን ባለ ቀለም ብርሃን፣ የማየት ዕድል አለን። በጁን ብትመጣ የዴምፕስተር መንገድ የሚያልቅባት ከተማ ኢኑቪክ ላይ ፀሐይ ጭራሽ አትጠልቅም፤ ትንኙም ድንኳን ውስጥ ያስቀምጥሃል።

መንገዱ እስከ ኢኑቪክ 736 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ውቅያኖሱ ዳር እስካለችው እስከ ቱክቶያክቱክ ያለው 138 ኪሎ ሜትር የተከፈተው በ2017 ነው። ከጥቂት ቦታ በቀር ሁሉም ፒስታ ነው። ድንጋዩ ጠርዙ እንደ ቢላ የሰላ ስለሆነ ጎማ ይበላል፤ በተለይ ግሬደር አዲስ የገለበጠው ቦታ ላይ። ስለዚህ ሁለት ስኮርታ ጎማ ከነቸርኬያቸው እንይዛለን፤ ትንሿ ጊዜያዊ ጎማ እዚያ ዋጋ የላትም። ቀዳዳ መድፈኛና ትንሽ ኮምፕረሰርም ያስፈልጋል። የጎማው ጎን ከተቀደደ ግን መድፈኛ አይረዳም፤ ሁለት ትርፍ ጎማ የምለው ለዚህ ነው። ጠጠሩ ስለሚሰምጥ ከክሪኩ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ አትርሳ። ቡሎኑን መኪናው ሳይነሳ ላላ አድርገው፤ ከተነሳ በኋላ ጎማው አብሮ ይዞርብሃል።

ፍጥነታችን ከ70 አይበልጥም። ከባድ መኪና ሲመጣ ቀዝቀዝ ብለን ወደ ቀኝ እንጠጋለን፤ የሚፈናጠረው ጠጠር ፓራብሬዛ የሚሰነጥቀው የሁለቱ መኪና ፍጥነት ተደምሮ ነው። ግን በጣም ጠርዝ ላይ አትውጣ። መንገዱ የተሠራው ዓመቱን ሙሉ በረዶ በሆነ መሬት ላይ ነው፤ በረዶው እንዳይቀልጥ ጠጠሩ ከፍ ተደርጎ ተከምሯል፣ ዳሩ ግን ለስላሳ ነው። መኪናው አንዴ ከተንሸራተተ የሚያወጣህ ላታገኝ ትችላለህ።

ዝናብ ሲዘንብ ጭቃው ቸርኬው ውስጥ ገብቶ ይደርቃል፤ መሪው ይንቀጠቀጥና ሰው መኪናው የተበላሸ ይመስለዋል። ወርደህ ከውስጥ በኩል በእንጨት ፋቀው፣ አብዛኛውን ጊዜ ይተዋል። አቧራውን ለመያዝ የሚነሰነሰው ጨው ደግሞ ብረት ስለሚበላ ስንመለስ የመኪናውን ሥር በደንብ እናጥባለን።

ነዳጅ ዶሰን ላይ እንሞላለን፤ በዴምፕስተር መንገድ ላይ ያለው የመጀመሪያው ማደያ ኢግል ፕሌንስ የሚባለው ቦታ ነው፣ ከዶሰን 410 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በጭቃና በነፋስ ፍጆታው ይጨምራል፣ መንገድ ተዘግቶ መመለስም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ 20 ሊትር በጄሪካን ትርፍ እንይዛለን፣ ማደያ ባየን ቁጥርም እንሞላለን። ከከተሞቹ ውጭ ስልክ አይሠራም፤ በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ እከራያለሁ። ምግቡን ማታ ድንኳን ውስጥ አናስቀምጥም፣ በድብ ምክንያት።

ለደርሶ መልሱ ከዶሰን ዘጠኝ ቀን ይበቃል፣ እኔ ግን አስራ አንድ እይዛለሁ። ውሃ ሲሞላና ግንድ ይዞ ሲወርድ የፒል ጀልባ ይቆማል፤ ሁለቱ ቀን ለዚያ ነው። ኪራዩን አሁኑኑ እፈልጋለሁ፤ ብዙዎቹ አከራዮች በዚያ መንገድ መንዳትን በውላቸው ይከለክላሉ፣ ተሰብሮ ማስጎተት ቢመጣም ወጪው የተከራዩ ነው።

ወፍራም ጃኬትና ውሃ የማያስገባ ጫማ አምጣ፤ በኦገስት መጨረሻም በረዶ ሊጥል ይችላል። የመንጃ ፈቃድህን ኮፒና የምትመጣበትን ቀን በዚህ ሳምንት ላክልኝ።

ቤተሰቡን ሁሉ በናፍቆት ሳምልኝ።

እህትህ አልማዝ