የመንገድ ዳር አትክልት የዝናቡን ውኃ ይቀበል

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ክረምት በገባ ቁጥር ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርደው ጎርፍ ቀበናንና ግንፍሌን ሞልቶ በወንዝ ዳር የሚኖሩ ወገኖቻችንን ሲያሰጋ እናያለን፤ መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበው ግን ብዙውን ጊዜ ሰፊ ቱቦ መቅበር ነው። ቱቦ አያስፈልግም አልልም። ሆኖም ቱቦ ውኃውን ከላይኛው ሰፈር ተቀብሎ ለታችኛው ያስረክባል እንጂ መጠኑን አይቀንሰውም። በ1,000 ካሬ ሜትር አስፋልት ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 10,000 ሊትር ውኃ ይሆናል፤ አፈር ቢያገኝ ኖሮ ከፊሉ በሰረገ ነበር።

በአዲስ አበባ መንገዶች ዳር የተተከለው ሣርና አበባ እጅግ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ቀረብ ብሎ ላየው፣ በብዙ ቦታ መደቡ ከመንገዱ ከፍ ብሎ ዙሪያውን በጠርዝ ድንጋይ ታጥሯል፤ ስለዚህ የአስፋልቱ ውኃ ወደ አትክልቱ ሊገባ ይቅርና የመደቡ አፈር ራሱ በዝናብ ታጥቦ ቦዩን ይደፍናል፤ በበጋ ደግሞ ያው አትክልት ውኃ በቦቴ ይመጣለታል። መደቡ ከመንገዱ ዝቅ ቢል፣ በጠርዝ ድንጋዩ መሀል በየጥቂት ሜትሩ ክፍተት ቢተውለትና ከሥሩ ጠጠር ቢነጠፍ ግን ጎርፉን ተቀብሎ ቀስ በቀስ ወደ መሬት ያሰርገዋል። በቦሌና በአቃቂ በኩል ጥቁር መረሬ አፈር ባለበት ቦታ ውኃ ቶሎ ስለማይሰርግ፣ ከጠጠሩ ጋር ቀዳዳ ያለው ቱቦ መቅበር ያስፈልጋል።

ግንባታቸው ገና ባልተጀመረ መንገዶች ላይ የሚመለከታቸው መሐንዲሶች ይህን በዲዛይኑ እንዲያካትቱ፣ ደለሉን በየጊዜው የሚያስጠርግ አካልም ከወዲሁ እንዲመደብ በአክብሮት አሳስባለሁ።

አንድ የከተማዋ ነዋሪ
ከአዲስ አበባ