የአበበን ፊት በትዕግሥት ያሳየን የጃፓን ፊልም

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ታላላቅ አትሌቶቻችን ፊልም ይሠራ የሚለው ጥሪ በተለይ በኦሊምፒክ ሰሞን በየመድረኩ ይሰማል፤ እኔም ከልቤ የምደግፈው ጥሪ ነው። የሚያሳስበኝ ከጥሪው ጋር አብሮ የሚመጣው ቅድመ ሁኔታ ነው። ብዙዎቻችን፣ ይልቁንም ገንዘቡና ፈቃዱ በእጃቸው የሆነ ኃላፊዎች፣ የስፖርት ፊልም አገርን የሚያኮራው ድልን በድል ላይ እየደረበ ሲያሳይ፣ ሽንፈትንና ድካምን ደግሞ ሳይነካ ሲያልፍ ነው ብለን እናምናለን። ይህ እምነት የት ላይ እንደሚሳሳት የሚያስረዳ፣ እኛንም በቀጥታ የሚመለከት አንድ ታሪክ ስላለ በጋዜጣችሁ በኩል ለአንባቢያን ማቅረብ ፈለግሁ።

ጃፓን በ1957 ዓ.ም. መጀመሪያ የቶኪዮን ኦሊምፒክ ስታስተናግድ በጦርነት ከወደመች ገና ሃያ ዓመት አልሞላትም ነበር። የመጨረሻውን ችቦ ይዞ የስታዲየሙን ደረጃ የወጣው ወጣት ዮሺኖሪ ሳካይ የተወለደው በሂሮሺማ ክፍለ ሀገር፣ የአቶሚክ ቦምቡ በተጣለበት በዚያው ዕለት ነው። ለጃፓናውያን ጨዋታዎቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው ከዓለም ሕዝብ ጋር የሚቀላቀሉበት ቀን ስለነበሩ፣ ዝግጅቱ በሙሉ በፊልም ተቀርጾ ለትውልድ እንዲተላለፍ ተወሰነ። ሥራው መጀመሪያ ለታዋቂው የፊልም አዘጋጅ ለአኪራ ኩሮሳዋ ታስቦ ነበር፤ በመጨረሻ የተረከበው ግን ኮን ኢቺካዋ ሲሆን፣ ከመቶ በላይ የካሜራ ባለሙያዎች አሰልፎ «ቶኪዮ ኦሊምፒያድ» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም ሠራ።

እንዲህ ካለ ፊልም የሚጠበቀው የባለቤቱን አገር ወርቅ መቁጠር ነበር። ኢቺካዋ ያን አላደረገም። የጃፓን ሴቶች የመረብ ኳስ ቡድን ወርቅ ባገኘበት ምሽት፣ ልጆቹ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ካሜራው ከእነርሱ ተመልሶ አሰልጣኙን ዳይማትሱን ይፈልጋል፤ ሰውዬው ከጭፈራው ራቅ ብሎ ብቻውን ቆሟል፣ ፊቱ ላይም ከደስታ ይልቅ ድካምና ባዶነት ይነበባል። ነጻነቷን ካገኘች አራት ዓመት ብቻ ከሆናት ከቻድ የመጣውንና በ800 ሜትር የተወዳደረውን አህመድ ኢሳንም ወደ መመገቢያ አዳራሹ ሳይቀር ተከትሎ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ብቻውን ሲበላ ያሳየናል። ይህ ወጣት ለሜዳሊያ አልበቃም፤ ጃፓን ግን በራሷ የክብር ፊልም ውስጥ ሰፊ ቦታ ሰጥታዋለች።

ከዚያ ማራቶኑ ይመጣል፤ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ደረቱ ላይ 17 ቁጥር የለጠፈው አበበ ቢቂላ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ጥቂት ሳምንታት ብቻ አልፈዋል። ፊልሙ ለረጅም ጊዜ ከሌላው ሁሉ ለይቶ ይዞት ይሄዳል። ሌሎቹ ሯጮች በውኃ መስጫው ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው ብርጭቆ በብርጭቆ ላይ ሲጨልጡ፣ አንዳንዱም እግሩ ተልጦ መንገድ ዳር ሲቀመጥ፣ የአበበ ፊት በዝግታ በተነሣ ምስል ማያ ገጹን ሞልቶ ይታያል፤ ዓይኑ ከፊቱ ካለው መንገድ አይነሣም፣ ላቡ ከአገጩ ላይ ይንጠባጠባል። ውድድሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ፣ ከተከታዩ በአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ፤ ከገባም በኋላ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ማፍታታት ያዘ። ከእርሱ ቀጥሎ ወደ ስታዲየሙ የዘለቀው ጃፓናዊው ኮኪቺ ጹቡራያ ነበር፤ ነገር ግን ወገኖቹ እያዩት በመጨረሻው ዙር በእንግሊዛዊው ባዚል ሂትሊ ተቀደመና ነሐስ ወሰደ። ኢቺካዋ ይህንንም አልቆረጠውም። ጃፓን ለራሷ ባሠራችው ፊልም፣ የአገሩ ልጅ በገዛ ሜዳው ሲቀደምና የኢትዮጵያው ወታደር ተወዳዳሪ ሲያጣ አብረው ታዩ።

ፊልሙ በ1957 ዓ.ም. ሳይወጣ የኦሊምፒኩን ጉዳይ የያዙት ሚኒስትር ኢቺሮ ኮኖ አይተውት አልወደዱትም፤ ይህ ኪነ ጥበብ እንጂ የጨዋታው መዝገብ አይደለም የሚል ወቀሳ ሰነዘሩና ክርክሩ አገር አቀፍ ሆነ። ታዋቂዋ ተዋናይት ሂዴኮ ታካሚኔ በጋዜጣ ላይ ጽፋ ለፊልሙ ተሟገተች። በኋላ ከተረፈው ቀረጻ ሌላ፣ ባለሥልጣናቱ ለፈለጉት የቀረበ ፊልም ተዘጋጅቶ ነበር፤ ዛሬ ስለዚያ ኦሊምፒክ ለማወቅ የሚሻ ሰው የሚያየው ግን ያን የተወቀሰውን ነው። በእኔ አስተያየት ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሚኒስትሩ የፈለጉት ጃፓን ምን እንዳገኘች የሚናገር ፊልም ነበር፤ ኢቺካዋ የሠራው ጃፓን ሰውን እንዴት እንደምታይ የሚናገር ፊልም ነው፤ አንድ ሕዝብ ስለ ማንነቱ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ሊያቀርብ አይችልም።

ለእኛስ? ከቶኪዮ አራት ዓመት አስቀድሞ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ አበበ በሮም ጎዳና የዓለምን ክብረ ወሰን ሲሰብር ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎ የፈተለከው ያን ጊዜ ገና በዚያ ቆሞ በነበረው የአክሱም ሐውልት አካባቢ ነው። የዚህን ትርጉም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም። የሚቆጨኝ፣ ስለዚያ ምሽት ሲነገር ወሬው ሁሉ ባዶ እግሩ ላይ ማረፉ ነው። ባዶ እግር ለካሜራ የተመቸ ምስል ነው፤ ብቻውን ሲቀር ግን አበበን ከክቡር ዘበኛ ሥልጠናው፣ ከአሰልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር ከነደፈው የሩጫ ዕቅድ፣ በእንጦጦና በሱሉልታ አቀበት ካፈሰሰው ላብ ነጥሎ ድንገት የበቀለ ተአምር ያስመስለዋል። የቶኪዮው ፊልም ጫማ አድርጎ የሚሮጠውን አበበን ስላሳየን፣ የምናየው ሙያውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ በዚህኛው ይበልጥ እኮራለሁ።

በእኛ በኩል የተሞከረውን ሳላነሣ ባልፍ አግባብ አይሆንም። ራሴላስ ላቀው ከዴቪ ፍራንክል ጋር የሠራውና እርሱ ራሱ አበበን ሆኖ የተወነበት «አትሌቱ» እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቶ፣ በተከታዩ ዓመት ኢትዮጵያን በመወከል ለኦስካር የቀረበ የመጀመሪያው ፊልም ሆነ። የዚህ ፊልም ድፍረት ከድሎቹ በኋላ ባለው ሕይወት ላይ ማተኮሩ ነው፤ በ1961 ዓ.ም. የደረሰው የመኪና አደጋ፣ በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ያለፈው የሕክምና ጊዜ፣ ዳግመኛ የማይራመደው ሰው ቀስት አንሥቶ ወደ ውድድር መመለሱ። አበበ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖም የማሸነፍ ፍላጎቱን አለመተዉ ከሮም ወርቅ ያልተናነሰ ክብር መሆኑን የሚያስረዳ ፊልም በየትምህርት ቤቱ መታየት ሲገባው፣ ከማውቃቸው ወጣቶች አብዛኞቹ ስሙን እንኳ አልሰሙም።

ገና ያልተነኩ ታሪኮችም አሉን። በሮም ከአበበ ጋር ተሰልፎ ሰባተኛ የወጣውን አበበ ዋቅጅራን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ሊሮጥ ተመርጦ በጤና ምክንያት ስፍራውን ለአበበ የለቀቀው የዋሚ ቢራቱ ዕጣ ለአንድ ሙሉ ፊልም ይበቃል። ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ፣ አበበ በጉዳት ውድድሩን ሲያቋርጥ ድሉን ተረክቦ ያስገኘው ወርቅ አለ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም ለረጅም ጊዜ የታሰረው ይኸው ማሞ ነው። ወርቁን አሳይቶ እስሩን የሚደብቅ ፊልም ማሞንም ያን ዘመንም አያሳየንም፤ ይህን የምለው ጉዳዩ ዛሬም ብዙዎችን እንደሚያከራክር እያወቅሁ ነው። በ1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና ካሸነፈች በኋላ በአፓርታይድ ምክንያት ለዘመናት ከኦሊምፒክ ተገልላ ከቆየች አገር የመጣችውን ነጯን ኤላና ሜየርን እጇን ይዛ ሜዳውን ስትዞርስ፣ ያ ዙር ስለ እኛ የሚናገረው ነገር ከሰዓቱ አይበልጥምን?

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሚመለከታቸው ሁሉ ነው። ፌዴሬሽኑና የብዙኃን መገናኛ ተቋማት ከቀድሞዎቹ ሯጮች፣ አሰልጣኞችና ቤተሰቦቻቸው መካከል በሕይወት ያሉትን ጊዜ ሳይሰጡ በምስልና በድምፅ ይቅረጹ፤ በየመጋዘኑና በየቤቱ ያለው የፊልም ጥቅልም ከመበላሸቱ በፊት ወደ ቤተ መዛግብት ይግባ። በሮምና በቶኪዮ የተነሣው ምስል በባዕዳን እጅ ነው፤ እርሱን ለመጠቀም መክፈል ይኖርብናል፤ አበበ ስለተወለደባት ስለ ጃቶ መንደርና ስለ ክቡር ዘበኛ ግቢ የሚናገረው ቃል ግን በእኛው ዘንድ ነው ያለው፣ ሰዎቹም እያረጁብን ነው። ፊልሙን የሚያሠራ መሥሪያ ቤትም ከባለሙያው ጋር ሲዋዋል የመጨረሻው ቅንብር ውሳኔ የአዘጋጁ እንደሚሆን በውሉ ውስጥ በግልጽ ያስፍር፤ የውድድሩን ሰዓትና ደረጃ ማጣራት ለፌዴሬሽኑ፣ የትኛው ፊት ስንት ደቂቃ እንደሚታይ መወሰን ግን ለአዘጋጁ ይተው።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ