ክብ ሠርተህ አስተምራቸው

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ባሕር ዳር የወጣቶቹን የባህል ውዝዋዜ ቡድን ማሠልጠን እንደጀመርህ የጻፍህልኝን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ልጆቹ በሁለት ሳምንት ለመድረክ መድረስ ስላለባቸው በረድፍ አቁመህ በስልክ ዘፈን ከፍተህ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» እያልህ እንደምትቆጥርላቸው ነግረኸኛል። በዚህ ነገር ዝም ብልህ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርሁበትን ሥራ መካድ ይሆንብኛል።

እኔም እንዲሁ አስተምር ነበር። በደርግ ዘመን በየቀበሌው የኪነት ቡድን ይቋቋም ስለነበር ልጅ ሳለሁ ከአንዱ ገብቼ፣ በረድፍ ቆሜ፣ ፊቴን ወደ ተጋባዦቹ አዙሬ እስክስታ መትቻለሁ። ግጥሙን የመረጥነው እኛ አልነበርንም፤ ትከሻችን የታዘዘውን መልእክት ያጅብ ነበር። ሰዓት ማክበርንና ልምምድን የተማርሁት ከዚያ ነውና ያን ጊዜ አላማርረውም፤ ሆኖም አስተማሪ ከሆንሁ በኋላ እንኳ ውዝዋዜ ለተመልካች የሚቀርብ ነገር ብቻ ይመስለኝ ስለነበር፣ ተማሪዎቼን ሁሉ አንድ ዓይነት ትከሻ ማስያዝን እንደ ጥሩ ትምህርት ቆጠርሁት። አንገቷ ከከበሮው ጥቂት ዘግይቶ የሚመልስ አንዲት ልጅ ነበረችኝ። ግጥሙን እስከ መጨረሻው ሰምታ ነበር የምትመልሰው፤ እኔ ግን ስሕተት መስሎኝ በጓደኞቿ ፊት ደጋግሜ አስቆምኋት። በሦስተኛው ሳምንት ቀረች። ይህን ጥፋቴን ዛሬም አዝንበታለሁ፤ አንተ እንዳትደግመው ብዬ ነው የምነግርህ።

እስኪ በሰርግ ወይም በጥምቀት ታቦት ሲሸኝ በገጠራችን የሚሆነውን አስታውስ። ጨዋታው ክብ ነው። አውራጁ ግጥሙን ያወርዳል፤ ዙሪያውን የቆመው እያጨበጨበ ይቀበላል፤ ሁለት ሰዎች ወደ መሐል ገብተው ፊት ለፊት እየተያዩ፣ አንዱ ትከሻውን ሲመታ ሌላው እየመለሰ ይጫወታሉ፤ ሲበቃቸው ለሌላ ይለቃሉ። ማንም ለብቻው ተመልካች አይደለም፤ አሁን የሚያጨበጭበው ቆይቶ ይገባል። አሮጊት ስትገባ ጎረምሳው ገለል ይልላታል፤ ዓይነ አፋሩን ጓደኞቹ ገፋ አድርገው ያስገቡታል። ለቅሶውም ቢሆን ሙሾ አውራጅና ተቀባይ አለው፤ ሰው ብቻውን እንዳያለቅስ የያዘው ያው ክብ ነው። በዚህ ጭንቅ ዘመን ጨዋታ ምን ይፈይዳል ለሚሉህ የምትመልሰው ይህንን ነው። ተራ መጠበቅን፣ የሌላውን ሰምቶ መመለስን፣ ቦታ መልቀቅን እኛ የተማርነው እዚያ ነው፤ ያለ እነዚህ ደግሞ የአደባባይ ኑሮ አይኖርም።

አያትህ በጎጃሙ የቅኔ ትምህርት ቤት በዋሸራ ሲማሩ የነበረውን ብዙ ጊዜ አጫውተውሃል። ጀማሪው ሁለት ቤት፣ ማለት ሁለት ስንኝ፣ ባለው ጉባኤ ቃና በሚባለው ቅኔ ይጀምርና እያደገ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ታዲያ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መልሶ የሚያቀርብ ተማሪ የለም፤ ገለል ብሎ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለት በራሱ ያሰናዳል፣ ለየኔታ ያሰማል፣ ይታረማል፣ ነገ ሌላ ይቆጥራል። ልኩን ከመምህሩ ይወስዳል፤ ቅኔው ግን የራሱ ነው። አንተም ልኩን ሳትሰለች አስተምር፤ ትከሻን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መምታትን፣ ትንፋሽን ከከበሮው ጋር ማስማማትን ሳይማር የራሴ የሚለው ያለው የለም። ከዚያ በኋላ ግን ልጁ ከአንተ የተለየ ነገር ሲያመጣ ለማረም አትቸኩል፤ መጀመሪያ ምን ሰምቶ እንደመለሰ ጠይቀው።

ጥበብ ለአገር ጉዳይ አይዋል ማለቴ እንዳልሆነ ይገባሃል። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር የተቋቋመው ጣሊያን ለወረራ ሲሰናዳ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ለማነቃቃት ነበር፤ ቴአትር ቤቱ ዛሬም በዚያው ስም ይጠራል። እኔ የምፈራው ልጆቹ የማያውቁትን ግጥም እንዲያጅቡ መደረጋቸውን ነው። ስለዚህ ከልምምዱ በፊት ግጥሙን አንብብላቸው፤ ሰሙን እነርሱ ይንገሩህ፣ ወርቁን አብራችሁ ፈልጉ፤ የማያምኑበት ከሆነ በሌላ ለውጡት።

የመድረኩ ቀን እስኪቃረብ ረድፉን ተወውና ክብ ሠርተው ይጫወቱ። የስልኩንም ዘፈን ዝጋው፤ ከመካከላቸው አንዱ ከበሮ ይምታ፣ አንዷ ታውርድ፣ ሌሎቹ ይቀበሉ። መጀመሪያ ላይ ማንም ወደ መሐል አይገባ ይሆናል። አንተም አትግባ፤ እያጨበጨብህ ጠብቅ። ዓርብ ስትጨርሱ ቀድሞ የገባው ማን እንደሆነና ማን እንደመለሰለት ጻፍልኝ።

እናትህ፣
ከደብረ ማርቆስ