ለደንበኞቻችን፦ ስለ ባትሪ መቆጣጠሪያ ሰሌዳችን የባትሪ ቮልት መለኪያ እግር

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን አንድ ሰሌዳ ለጥገና መጣልን። የመለኪያው ሬዚስተር (ቮልቱን የሚቀንሰው አካል) ተነቅሎ በቦታው ቀጭን ቀይ ሽቦ ተበይዷል። ሽቦውን የበየደው ባለሙያ ይህን ያደረገው በመለኪያ ሲያየው በማይክሮኮንትሮለሩ (ሰሌዳውን በሚመራው ቺፕ) እግር ላይ ያለው ቮልት ከባትሪው በጣም ማነሱ ስሕተት ስለመሰለው ነው። ባትሪው በቀጥታ ከማይክሮኮንትሮለሩ እግር ጋር ተገናኘ፤ ቺፑም ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

እባካችሁ ያንን ሬዚስተር አትንኩት። ማይክሮኮንትሮለሩ ኤቲሜጋ 328ፒ በሰሌዳችን ላይ የሚሠራው በ5 ቮልት ነው። አምራቹ እንደሚለው የመለኪያ እግሩ ከዚህ ኃይል ከ0.5 ቮልት በላይ ከፍ፣ ከመሬቱም (ከዜሮ ቮልት መስመሩ) ከ0.5 ቮልት በላይ ዝቅ ማለት የለበትም። «12 ቮልት» የምንለው ባትሪ ግን ሲሞላ 14.4 ይደርሳል፤ ፀሐይ ላይ ያለ ፓነል ባትሪው ከተነቀለበት 20 ቮልት ያልፋል። ቺፑ ውስጥ መከላከያ ዳዮዶች (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ አካላት) መኖራቸው እውነት ነው፤ የተሠሩት ግን ለቅጽበታዊ የስታቲክ ብልጭታ እንጂ ባትሪ ለመሸከም አይደለም።

ስለዚህ 39 ኪሎኦምና 10 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ቮልቱን ይከፋፍሉታል። 14.4 የነበረው እግሩ ጋ ሲደርስ 2.9 ገደማ ይሆናል፤ ፕሮግራሙ መልሶ በ4.9 ያባዛዋል። ያነሰው ቮልት ስሕተት አይደለም፤ ሆን ብለን ያደረግነው ነው። ከዚህ የገዘፉ ሬዚስተሮችን ያልመረጥነው ቺፑ በትክክል ለመለካት የምንጩ ተቃውሞ ከ10 ኪሎኦም እንዳይበልጥ ስለሚፈልግ ነው፤ የእኛ ጥንድ ተቃውሞ 8 ኪሎኦም ገደማ ይሆናል። ከጎናቸው ያሉት ሁለት የሾትኪ ዳዮዶች (በዝቅተኛ ቮልት የሚከፈቱ) የተረፈውን ያሳልፋሉ። ሽቦው ተገልብጦ ቢታሰር ወይም በስሕተት 24 ቮልት ባትሪ ቢገናኝ እንኳ በዳዮዶቹ የሚያልፈው ከግማሽ ሚሊአምፔር በታች ነው። በእነሱ ፋንታ 5.1 ቮልት ዜነር (ቮልቱ ገደቡ ላይ ሲደርስ ማሳለፍ የሚጀምር ዳዮድ) አድርጉ የሚሉን አሉ፤ ዜነር ገደቡ ላይ ሳይደርስ መፍሰስ ስለሚጀምር ንባቡን ያዛባዋል።

ብዙዎች የማያስተውሉት ደግሞ ሰሌዳው የጠፋበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የቺፑ ኃይል ዜሮ ስለሆነ፣ በእግሩ የሚገባ 3 ቮልት እንኳ ከገደቡ በላይ ነው፤ ቺፑ በመለኪያ ሽቦው በኩል በግማሽ ሊነቃና ሊቃዥ ይችላል። ሬዚስተሩ ካለ ጉዳት አይደርስበትም፤ ከሌለ ግን የሚያልቅለት ያኔ ነው።

ስታገናኙ ጥቁሩን ሽቦ አስቀድማችሁ እሰሩ፤ ስትፈቱ መጨረሻ ላይ ፍቱት። ንባቡ ካጠራጠራችሁ ብየዳውን ሳትነኩ ሰሌዳውን አምጡልን፤ የመለኪያ ማስተካከያውን ያለ ክፍያ እንሠራላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ክፍሉ