«ለዕይታ ክፍት» ስለሆነው ቤተ መጻሕፍታችን፦ ለክፍለ ከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

በወላጅ መምህር ኅብረት በኩል ያስገባናቸው አቤቱታዎች በመዝገብ ቤትዎ ማኅተም ተመትቶባቸውና የገቢ ቁጥር ተሰጥቷቸው ሲያበቁ የውኃ ሽታ ሆነው ስለቀሩ፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ጉዳዩን ያውቁታል፤ ለትምህርት ቤታችን በስጦታ የመጡት የልጆች መጻሕፍት በመስተዋት ቁም ሣጥን ተቆልፎባቸዋል።

ከእነዚህ መካከል የጄን ከርትዝ ሥራዎች ይገኙባቸዋል። ደራሲዋ እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ ኦሪገን፣ ፖርትላንድ ከተማ ተወልደው በ2 ዓመታቸው ከሚሲዮናውያን ወላጆቻቸው ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጡና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በምትገኘው ማጂ ያደጉ ሲሆኑ፣ ከጻፏቸው የልጆች መጻሕፍት ብዙዎቹ ከዚህ አገር ትዝታ የተቀዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ልቦለድ እንዲፈራሩ ተደርገው ያደጉ አንዲት የቅማንትና አንዲት ዓይነ ስውር የቤተ እስራኤል ልጃገረዶች ወደ ሱዳን ሲሰደዱ የሚሆነውን ይተርካል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት ደግሞ እ.ኤ.አ. ወደ 1846 ጎንደር፣ ወደ ዘመነ መሳፍንት ይወስዳል። ከቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ከዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ጋር ሆነው ያቆሙት ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ የሾላን የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከመክፈቱም በላይ በሐዋሳ በአህያ ጋሪ መጻሕፍት እየጫነ ለልጆች አድርሷል። አህያ ያልተሳናትን ሥራ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ከቁም ሣጥን እስከ ጠረጴዛ ባለው ርቀት ሊፈጽመው አልቻለም።

በቅርቡ አንዲት የ4ኛ ክፍል ተማሪ ግንባሯን መስተዋቱ ላይ አስደግፋ፣ በመጽሐፉ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ርዕስ አንገቷን አዘንብላ ስታነብ አገኘኋት። እንዲያወጣላት ስጠይቀው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ «ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ተቆርጦለት በስሜ የተመዘገበ ንብረት ነው፤ ቢቀደድ ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው» አለኝ። በእርሱ አልፈርድም። የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ግን ይህንኑ ሳስረዳቸው፣ መጻሕፍቱ «ለዕይታ ክፍት» ስለሆኑ ቤተ መጻሕፍቱ አገልግሎት እየሰጠ እንደሆነ በሪፖርት መገለጹን ነገሩኝ።

ክቡርነትዎ በልጅነትዎ ሳይሰሙት የማይቀሩትን ተረት፣ ጄን ከርትዝ እ.ኤ.አ. በ1994 በሥዕላዊ መጽሐፍ መልሰው ተርከውታል። ብርዳም ተራራ ላይ ራቅ ብሎ የሚታየውን እሳት እያየ በውርርድ ያደረውን እረኛ፣ ሀብታሙ ጌታው «እሳት ማየት መሞቅ ነው» ብሎ ውርርዱን ይከለክለዋል። በኋላ ጌታው ራሱ ለግብዣ ሲቀመጥ የወጡ ሽታ ብቻ ሲደርሰው፣ ማሽተትም መብላት እንደሆነ ተነግሮት ያፍራል። ታሪኩ ያለበት መጽሐፍ እዚያው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ስለሆነ ቁልፉን ማስመጣት ከቻሉ ሊያነቡት ይችላሉ።

በንባብ ብዛት ያረጀ መጽሐፍ በሠራተኛው ላይ ዕዳ እንደማይሆን የሚገልጽ፣ በእርስዎ ፊርማ የወጣ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ለትምህርት ቤቱ ቢደርስ ጉዳዩ በዚያው ቀን ያልቃል። ደብዳቤው እስኪወጣ ድረስ ግን ከሩብ ዓመቱ ሪፖርትዎ ላይ «አገልግሎት እየሰጠ ያለ ቤተ መጻሕፍት» የሚለውን መስመር እንዲሰርዙልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የተማሪ ወላጅ