የከፈልነው ለመገናኘት ነበር፦ ለዲጂታል ጤና ጉባኤ አዘጋጅ የተጻፈ የቅሬታ ደብዳቤ

ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጉባኤው አዘጋጅ ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ጥቅምት 20 እና 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ባዘጋጃችሁት የዲጂታል ጤና ጉባኤ ላይ ቅሬታ ስለማቅረብ

ጤና ይስጥልኝ።

በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ባለ ጤና ጣቢያ የምሠራ የጤና መረጃ ቴክኒሺያን ነኝ። በሥራ ቦታ በአጭሩ ኤች አይ ቲ ይሉናል። ከየክፍሉ ሬጅስተርና ታሊ (የመቁጠሪያ ወረቀት) ሰብስቤ፣ አመሳክሬ፣ የጤና ሪፖርት ወደሚጠራቀምበት ሶፍትዌር፣ ወደ ዲ ኤች አይ ኤስ ቱ፣ የማስገባው እኔ ነኝ። ጉባኤያችሁ ላይ የተገኘሁት ከአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባልደረባዬ ጋር ነው። እሷ ታብሌት ይዛ ቤት ለቤት እየዞረች በኢ-ቺስ፣ ማለትም በማኅበረሰብ ጤና መረጃ መመዝገቢያው ሶፍትዌር፣ ትመዘግባለች። እሷ የመዘገበችው መጨረሻ ላይ እኔ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ አብረን መምጣታችን ያለ ነገር አልነበረም።

ወጪያችንን የሸፈነልን መሥሪያ ቤት የለም። ለመመዝገቢያ በነፍስ ወከፍ 3,800 ብር፣ በድምሩ 7,600 ብር በቴሌብር ከፍለናል። የአልጋው፣ የምግቡና የመኪናው ሲደመር ከ12,000 ብር በላይ ወጣ። ባልደረባዬ የእቁቧን ገንዘብ ነው የሰጠችው። ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልን አይደለም። ገንዘቡን ስንከፍል ምን አስበን እንደነበር እንድታውቁልኝ ነው።

ማስታወቂያችሁ ላይ እያንዳንዱ ተሳታፊ ሥርዓቶቹን ከሚሠሩት ባለሙያዎች ጋር የ15 ደቂቃ የፊት ለፊት ቀጠሮ እንደሚያገኝ ጽፋችሁ ነበር። እኛን ከሰሜን ሸዋ ያመጣን ይህ ብቻ ነው። ንግግርማ በስልካችን እንሰማለን። ስላይድም ይላክልናል። ሶፍትዌሩን ከሚጽፈው ሰው ጋር ተቀምጦ «ይኸው፣ እዚህ ጋ ነው የሚያስቸግረን» ማለት ግን በስልክ የሚሆን ነገር አይደለም።

ደብተር ይዘን ነበር የመጣነው። ካለፈው ሚያዝያ ጀምሮ ያጋጠመንን ሁሉ ከነቀኑ ጽፈንበታል። 11 ጉዳዮች ናቸው። አንዱን ልንገራችሁ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላው ሲዛወር፣ አዲሱ ቀበሌ እንደ አዲስ ይመዘግበዋል። የድሮው መዝገብም ሳይነካ ይቆያል። በአንድ ልጅ ስም ሁለት ልጅ ይኖረናል ማለት ነው። አንዱ ክትባቱን ጨርሷል። ሌላው አቋርጧል ተብሎ ይቆጠራል። ባልደረባዬ በሌለ ልጅ ምክንያት ሁለት ጊዜ ሙሉ ዳገት ወጥታ ተመልሳለች።

ሌላው የጳጉሜን ጉዳይ ነው። የእኛ የሪፖርት ወር ከ21 እስከ 20 ነው። ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ያለው ሪፖርት የጳጉሜን ቀናት ስለሚጨምር ከሌሎቹ ይረዝማል። ግራፉ ላይ መስከረም ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ይታያል። ነገሩን የማያውቅ ሰው ሥራው የጨመረ ይመስለዋል። ጥቅምት ላይ ዝቅ ሲል ደግሞ እኛ ወቀሳ እንቀበላለን። ይህን በአንድ መስመር ማስታወሻ ማስተካከል ይቻል እንደሆነ ልንጠይቅ ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ።

የመጀመሪያው የቀኑ ነገር ነው። መጀመሪያ ያስታወቃችሁት ጥቅምት 6 እና 7 ነበር። በዚያ ሂሳብ ፈቃድ ጠየቅን፣ አልጋም ያዝን። ሊጀመር አራት ቀን ሲቀረው በአጭር መልእክት ወደ 20 እና 21 አዛወራችሁት። ምክንያቱን አልነገራችሁንም። ወሩ የሚዘጋው በ20 መሆኑን በጤና መረጃ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያ ሳምንት ለኛ የዓመት በዓል ዋዜማ ማለት ነው፤ ቀና ብሎ የሚያይ የለም። በዚያ ቀን ጉባኤ መጥራት ኤች አይ ቲዎችን አትምጡ እንደማለት ነው። ከእኛ ዞን ሊመጡ ተመዝግበው ከነበሩት የማውቃቸው አምስት ባለሙያዎች ሦስቱ ቀሩ። ብራቸውም አልተመለሰላቸውም። እኔ የመጣሁት ሪፖርቱን ባልደረቦቼ ላይ ጥዬ ነው። አሁንም ይከነክነኛል።

ሁለተኛው ቀጠሮው ነው። ባዘጋጃችሁት አፕ በኩል ስድስት ሰዎችን ጠየቅሁ። ሁለቱ እሺ አሉ። አፑ የመጀመሪያውን ቀን፣ ከሰዓት 9:15ን፣ ጠረጴዛ 14ን ሰጠን። ከሃያ ደቂቃ በፊት ደርሰን ደብተራችንን ዘርግተን ተቀመጥን። የመጣ ሰው የለም። አስተባባሪዋን ብንጠይቃት ባለሙያዎቹ ፎቅ ላይ ከስፖንሰሮች ጋር ስብሰባ ላይ ናቸው አለችን። ልንወጣ ስንል በር ላይ ያለው ልጅ ባጃችንን አየ። የእናንተ ሰማያዊ ነው፣ ወደላይ የሚያስገባው ወርቃማው ነው አለን። ባጅ በቀለም እንደሚለይ ስንከፍል ማንም አልነገረንም። በማግስቱ ሁለተኛው ቀጠሮም እንደዚያው ሆነ። ተስፋችንን ውሃ በላው።

ልጁን አልከስም። የተነገረውን ነው የሠራው። ቅሬታዬ ተሳታፊን በሁለት ከፍላችሁ፣ ለመገናኘት የከፈለውን ሰው ሊያገኘው ከመጣው ሰው በር ዘግታችሁ በለያችሁት በእናንተ ላይ ነው።

አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ጉባኤያችሁ ላይ ስሙ ደጋግሞ የተጠራው ዲ ኤች አይ ኤስ ቱ ከምን ተነሣ? እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ አፓርታይድ ሲያበቃ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከተጀመረ ሥራ ነው። በኬፕታውን አካባቢ ባሉ ወረዳዎች ሶፍትዌር የሚሠሩት ሰዎች ከጤና ባለሙያዎቹ ጋር አብረው ተቀምጠው፣ የትኛው ቁጥር እንደሚያስፈልግና የትኛው እንደማያስፈልግ እየተነጋገሩ ነው የሠሩት። ከዚያ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ይዞት አደገ። እኛም አገር ደርሶ ዛሬ በራሳችን የዘመን አቆጣጠር ይሠራል። የሚመዘግበውና የሚሠራው ሰው ፊት ለፊት መነጋገራቸው የሥራው መነሻ ነው። እናንተ የፕሮግራሙ ማስጌጫ አደረጋችሁት።

ሦስተኛውን ስጽፍ እጄ ይከብዳል። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ስለ ማኅበረሰብ ጤና መረጃ ውይይት ነበር። ውይይቱ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው። አዳራሹ ውስጥ የነበርነው አብዛኞቻችን አማርኛ ተናጋሪዎች ነን፤ መድረኩ ላይ ከነበሩት አራት ሰዎችም ሦስቱ። የጥያቄ ጊዜ ሲደርስ ባልደረባዬ እጇን አወጣች። ማይክ ተሰጣት። ያንን ሁለቴ የተመዘገበ ልጅ ጉዳይ በአማርኛ ጠየቀች። መድረክ መሪው ሳያስጨርሳት ይህ የቴክኒክ ዝርዝር ስለሆነ ከሻይ በኋላ በግል እንነጋገር አለና ማይኩን ወደ ሌላ ሰው አስተላለፈ። ከሻይ በኋላ ፈለግነው፤ ሄዷል።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። በማኅበረሰብ ደረጃ ያለ መረጃ ሁሉ የሚነሣው ከነዚህ ሴቶች እግር ነው። በዚያ አዳራሽ ስለ ሥራቸው ሁለት ሰዓት ተወራ። ሥራውን የምትሠራው ሴት ግን አንዲት ጥያቄ እንኳ መጨረስ አልቻለችም። በመመለሻችን መኪና ውስጥ እስከ ሸኖ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም።

አራተኛው ከሁሉም የከፋው ነው። ስንመዘገብ ስልካችንን፣ የሥራ ቦታችንን፣ የሙያ ፈቃድ ቁጥራችንንና የመታወቂያ ፎቶ ጠይቃችሁናል። ለባጅና ለሰርተፊኬት ነው ተባልን። ጉባኤው ካለቀ በኋላ ባሉት አሥር ቀናት ውስጥ ከማላውቃቸው ሻጮች 19 ጥሪና መልእክት ደረሰኝ። የላቦራቶሪ ዕቃ፣ የካርድ ክፍል ሶፍትዌር፣ ኢንሹራንስ የሚሸጡ ናቸው። አንዱ ጤና ጣቢያዬን በስሙ ጠርቶ በቀን ስንት ታካሚ እንደምናይ ጠየቀኝ። ስልኬን ከየት አገኘኸው ስለው ከጉባኤው የተሳታፊ ዝርዝር አለኝ።

እኔ ይህን ለማንም ስጡ ብዬ አልፈቀድኩም። ቅጹ ላይም የሚጠይቅ ቦታ አልነበረም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ቆይቷል። የእናንተው ጉባኤ በመጀመሪያው ቀን ስለዚሁ አዋጅ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሰጥቷል። እኔ በየቀኑ የታካሚ ካርድ ነው የምይዘው። የኤች አይ ቪ ሬጅስተር የት እንደሚቀመጥ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንደሚውል ለተለማማጆች የማስተምረው እኔ ነኝ። ሰዎች ምስጢራቸውን የሚሰጡን እንጠብቀዋለን ብለው ስለሚያምኑን ነው። የጤና መረጃ ባለሙያዎችን ሰብስቦ የእነሱኑ መረጃ ለሻጭ መስጠት በጣም አሳዝኖኛል። አስቆጥቶኛልም።

አምስተኛው የሲፒዲ፣ ማለትም ለሙያ ፈቃድ እድሳት የሚያስፈልገው የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና፣ ነጥብ ነው። ማስታወቂያው ነጥብ ይሰጣል ይል ነበር። የመጣልን የምስጋና ወረቀት ነው። ነጥብም፣ የእውቅና ቁጥርም የለውም። ፈቃዷን ልታድስ ለምትጠብቅ ባልደረባዬ ይህ ወረቀት ምንም አያደርግላትም።

መልካሙንም ልናገር። ምግቡ ጥሩ ነበር። ድምፁም ጥርት ያለ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ስለ መረጃ ጥራት የተናገረችው ወጣት ባለሙያ ብዙ አስተምራናለች። ከሁሉ የበለጠው ግን ያላዘጋጃችሁት ነው። የሻይ ሰልፍ ላይ ከጅማ አካባቢ የመጣ ኤች አይ ቲ ከኋላችን ቆሞ ስናወራ ሰማን። እኛም ጋ እኮ ይኸው ነው አለ። ስልኩን አውጥቶ አሳየን። እነሱ በየወሩ ከመዝጊያው በፊት የአጎራባች ቀበሌ ኤክስቴንሽኖችን በአንድ ጠረጴዛ ያስቀምጣሉ። የተዛወሩ ቤተሰቦችን ስም ለስም ያመሳክራሉ። ግማሽ ቀን ይፈጃል። እኛም በዚህ ኅዳር ልንጀምረው ነው። ይህን ያገኘነው በአሥር ደቂቃ፣ ስኒ ይዘን ቆመን ነው። ፕሮግራሙ ላይ 30 ደቂቃ የነበረውን የሻይ ሰዓት ለስፖንሰር ማስታወቂያ ብላችሁ ስትቆርጡት ገና ሁለተኛውን ጉዳይ መጀመራችን ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የሁለታችን መመዝገቢያ 7,600 ብር ይመለስልን፤ ቀን በመቀየሩ ለቀሩት ሦስት ባለሙያዎችም እንዲሁ። ሸማችን የሚያሳስት ማስታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ መሆኑን ታውቃላችሁ ብዬ አምናለሁ። ቀጥሎ፣ መረጃዬን ለእነማን እንደሰጣችሁ በስም ዘርዝራችሁ አሳውቁኝ፤ እንዲያጠፉትም አድርጉ፣ ማጥፋታቸውንም በጽሑፍ አረጋግጡልኝ። የመታወቂያ ፎቶዬን ከእናንተ ዘንድም አጥፉት። የሲፒዲውን ነጥብ ከሚመለከተው እውቅና ሰጪ ጋር ጨርሳችሁ ላኩልን፤ ካልተፈቀደላችሁም እውነቱን ጻፉልን።

አንድ ደግሞ ለባልደረባዬ። ጥያቄዋን በጽሑፍ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ፤ በአማርኛ ነው። መድረኩ ላይ ለነበሩት ባለሙያዎች አድርሱላት። መልሱንም በአማርኛ ላኩላት። ይህ አንድ ብር አያስወጣችሁም።

በሚቀጥለው ዓመት ጉባኤ የምታዘጋጁ ከሆነ ከወሩ 20 እስከ 26 ያለውን ጊዜ ተዉት። እሱ የሪፖርት ሳምንት ነው።

እስከ ኅዳር 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ በጽሑፍ መልስ እጠብቃለሁ። ካልደረሰኝ የመረጃዬን ጉዳይ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ የክፍያውን ደግሞ ሸማቾችን ለሚጠብቀው መንግሥታዊ አካል አቀርባለሁ። የክፍያ ደረሰኝ፣ የማስታወቂያው ቅጂ፣ የቀጠሮው ማረጋገጫና የደረሱኝ መልእክቶች ፎቶ ተያይዘዋል።

ከሰላምታ ጋር
የጤና መረጃ ቴክኒሺያን
ሰሜን ሸዋ